ጅግራን ከዶሮ ጋር ማርባት

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጅግራ ነው። ጅግራን የማያውቅ የቡሬም ሆነ የፍኖተ ሰላም ገጠር ሰው ያለ አይመስለኝም። ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ፣ በብር ሸለቆ ከብት ያገደ ሁሉ መንጋዋን አይቷል። ጥቁር ግራጫ ላባዋ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨባት፣ ራሷ ላባ የሌለው፣ አናቷ ላይ እንደ ቀንድ ያለ አጥንት የበቀለባት ወፍ ናት። በረሃ ለበረሃ እየሮጠች ስትጮህ ከሩቅ ትሰማለች።

ይህች ወፍ የአፍሪካ ተወላጅ ናት። ዶሮ ግን ከእስያ የመጣች እንግዳ ናት። ታዲያ እንግዳይቱ ከቤታችን ቆጥ ላይ ስታድር፣ ባላገሯ ዱር ቀረች ማለት ነው። በጋና፣ በቡርኪና ፋሶና በናይጄሪያ ግን ገበሬዎች ጅግራን ከዶሮ ጋር ሲያረቡ ኖረዋል። እንቁላሏንም ሥጋዋንም ይሸጣሉ። ወደ አውሮፓም ተወስዳ ዛሬ በፈረንሳይ አገር በብዛት ትረባለች። እንግዲህ እኛ አገር ይህ ሥራ ገና አልተለመደም፤ ሆኖም የሚያስቸግረው የወፏ ጠባይ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ሕጉ እንነጋገር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥሩ 541 የሆነው፣ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንንም መያዝንም ከልክሏል። ስለዚህ ከዱር ጅግራ ለማጥመድ ወይም እንቁላሏን ከጎጆዋ ለማንሳት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቅ። እንዲያውም አድጋ የተያዘች የዱር ጅግራ ሰው አትለምድም፤ ግድግዳ ለግድግዳ ስትላተም ትሞታለች ወይም በሩ ሲከፈት ትጠፋለች። የምትለምደው ከቤት የተፈለፈለች ጫጩት ናት። በሰው ቤት የለመደች ጅግራ ከተገኘች ከሷ እንቁላል መውሰድ ከሁሉ ይሻላል።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንምጣ። ጅግራ የምትጥለው በዝናብ ወራት ነው። የምትጥለውም ተደብቃ፣ ቁጥቋጦ ሥር ወይም ሣር ውስጥ ነው። እንቁላሏ ከዶሮ እንቁላል ትንሽ ያንሳል፤ ቅርፊቱ ግን ጠንካራ ነው። ራሷ ብትታቀፍ ጫጩቶቿን ጠዋት በጤዛ ላይ እየነዳች ታስጨርሳቸዋለች። ስለዚህ የምታሳድገው የኛው የአገር ዶሮ ብትሆን ይመረጣል። የአገራችን ዶሮ እናትነቷ የታወቀ ነው። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን የአገር ዶሮዎች በየአካባቢያቸው ሲለዩ አንደኛውን ዓይነት በጎረቤታችን በቲሊሊ ስም ጠርተውታል። ከአንዳሳ የዶሮ ብዜት ማዕከል ለገበሬ ይከፋፈል የነበረው ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባለው ቀይ ዶሮ ብዙ እንቁላል በመጣል ያሸንፋታል፤ በመታቀፍ ግን አያሸንፋትም።

እዚህ ላይ እርሳስና ደብተራችሁን አንሱ። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። የጅግራ ግን ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቀን ብታሳቅፉ ምን ይሆናል? የዶሮዎቹ ጫጩቶች ቀድመው ይወጣሉ፤ እናቲቱም እነሱን ይዛ ትነሣለች፤ የጅግራው እንቁላል ቀዝቅዞ ይበላሻል። ሁለቱን በአንዲት ዶሮ ማሳቀፍ የግድ ከሆነ የጅግራውን አስቀድሙ፤ የዶሮውን በሰባተኛው ቀን ጨምሩ። ምሳሌ ልስጥ። የጅግራው እንቁላል ነሐሴ 15 ቀን ቢታቀፍ፣ የዶሮው ነሐሴ 22 ቀን ቢጨመር፣ ሁለቱም መስከረም 8 ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። ጳጉሜን አትርሷት! ወር ሁሉ ሠላሳ ነው ብሎ ከነሐሴ ዘሎ መስከረም የገባ ሰው በአምስት ቀን ይሳሳታል፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ በስድስት። በጣት መቁጠር እዚህ ላይ አያዋጣም፤ ቀኑን ጻፉት።

ነሐሴን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኔ መጨረሻ ላይ የታቀፈ እንቁላል የሚፈለፈለው ክረምቱ ሲብስ ነው። የጅግራ ጫጩት ደግሞ ትልቁ ጠላቷ እርጥበትና ብርድ ነው። ካደገች በኋላ ዝናብና ፀሐይ የማይበግራት ወፍ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሯ ሲረጥብ ትሞታለች። ስለዚህ መስከረም እንዲፈለፈሉ አድርጋችሁ አስሉ። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስም ደረቅ ጭድ በተነጠፈበት ቤት ከእናታቸው ጋር ይቆዩ። ጤዛው ሳይደርቅ አይውጡ። ውኃ በጎድጓዳ ዕቃ አትስጡ፤ ይሰጥማሉ። ጠፍጣፋ ገል ላይ ጠጠር ጨምራችሁ ውኃውን ብታደርጉበት በቂ ነው። ምግባቸው የደቀቀ በቆሎና የተወቀጠ የኑግ ፋጉሎ፣ ከተገኘም ምስጥ ነው። ምስጥ ለጫጩት ከሥጋ አያንስም፤ ኩይሳውን ቆፍሮ ማምጣት ደግሞ የልጆች ሥራ ነው፤ ደስ እያላቸው ይሠሩታል።

ካደጉ በኋላ ጠባያቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ወንዱንና ሴቷን በዓይን መለየት ያስቸግራል። በድምፅ ግን ይለያሉ፤ ድምፁን ሁለት አድርጋ፣ አንዱን ዝቅ አንዱን ከፍ እያደረገች የምትጮኸው ሴቷ ናት። ወንዱ እንዲህ አይጮህም። ለአንድ ወንድ አራት ወይም አምስት ሴት ይበቃዋል። ወንዱ ጅግራ ተንኮለኛ ነው፤ አውራ ዶሮውን እየሮጠ ያባርረዋል፣ ከምግብም ያስነሳዋል። ስለዚህ እህሉን በሁለት ቦታ በትኑ። ማታ ማታ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት አንድ እፍኝ እህል ብትሰጧቸው ወደ ቤት መግባት ይለምዳሉ፤ አለበለዚያ ዛፍ ላይ ያድራሉ።

ጥቅማቸውስ? መዥገርና ፌንጣ ይለቅማሉ። መሬቱን እንደ ዶሮ አይጭሩም። ይሁን እንጂ አዲስ የተዘራ በቆሎ እየቆፈሩ ያወጣሉና በዘር ጊዜ ወደ ማሳው አታስጠጓቸው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ወይም ሸለምጥማጥ ሲመጣ መንደሩን በጩኸት ያናውጡታል፤ ዶሮዎቹም ከነጫጩታቸው ይደበቃሉ። ጎረቤት ግን ጩኸቱን ላይወድ ይችላል። እኔ በበኩሌ አጥሩ ጠባብ የሆነ የከተማ ሰው ባይጀምረው እመርጣለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ጅግራም ዶሮም አብሮ ያኖረ ሰው ከሁሉ በፊት ስለ ፈንግል ያስብ። እኔ መምህር ነኝ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ፈንግል ያለፈበትን ቤት ለማወቅ መምህር መሆን ይበቃል። በእንቁላል ገንዘብ ደብተር ይገዛ የነበረ ልጅ ባዶ እጁን ይመጣል። ገጠር ውስጥ የእናት እጅ ገንዘብ እንቁላል ነው፤ ጨውም፣ ጋዝም፣ እርሳስም ከዚያ ይወጣል። ፈንግል ደግሞ ስሙ ከሥራው ነው፤ ቆጥ ሙሉ ዶሮ በጥቂት ቀን ውስጥ ይፈነግላል።

ምልክቱ ይህ ነው። ዶሮዋ ትኮማተራለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ቅዘን ትቀዝናለች፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፣ ክንፍና እግሯ ይዝላል። አንዳንዴ ምልክት ሳይታይ ሞታ ትገኛለች። ጅግራ ከዶሮ የተሻለ ትቋቋመዋለች፤ ነገር ግን ይይዛታል፣ ወደ ዶሮዎቹም ልታስተላልፈው ትችላለች። መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ የሚያግቱ ሰዎች አሉ፤ ሲያግቱ ጊዜው ያልፋል። ያለው መከላከያ ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይሠራል፤ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ዓይነት አለው። ታዲያ ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የተዘጋጀ መሆኑ ነው፤ ለአምስት ዶሮ ብሎ የሚከፍተው የለም። መፍትሔው ሠፈሩ መስማማት ነው፤ ቀን ቆርጣችሁ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። በዚያ ዕለት ዶሮዎቹ ሳይወጡ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ይከተቡ፤ ጅግራዎቹም አይቅሩ። ክትባቱ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚበቃ አይደለም፤ የሚደገምበትን ቀን ባለሙያውን ጠይቃችሁ ጻፉ።

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚገባው ከገበያ ነው። ለፋሲካ ተወስዶ ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮ፣ አዲስ የተገዛች ቄብም ብትሆን፣ ለሁለት ሳምንት ለብቻ ትታሰር። የሞተውን ቅበሩ እንጂ ለውሻ አትጣሉ። የታመመውን ቶሎ ብሎ ወደ ገበያ ማውጣት ደግሞ የጎረቤትን ቤት ማቃጠል ነው።

ስለ ዓቢይ ጾም አንድ ነገር ልጨምር። በጾሙ 55 ቀን ውስጥ እንቁላል ይረክሳል። በርካሽ ከመሸጥ የዶሮዎቹን እንቁላል ያኔ ማሳቀፍ ይሻላል፤ ጊዜውም ደረቅ ነው። ጅግራዋ በዚያ ወቅት አትጥልምና ታቃፊ ዶሮዎቹ ነፃ ናቸው።

ዳክዬ ያለው ሰው ከጅግራ ጫጩት ይለያት፤ ዳክዬ የደረሰችበትን ሁሉ ታረጥባለች። ተርኪ የሚባለው ትልቁ ዶሮ ደግሞ ለብቻው ይኑር። ዶሮ በሆዷ ይዛው ሳትታመም የምትኖረው፣ ከአንጀት ትል ጋር የሚተላለፍ ተውሳክ ተርኪን ጉበቱን አበላሽቶ ይገድለዋል፤ ጅግራንም አልፎ አልፎ ያገኛታል። ዶሮና ጅግራ አንዳንዴ ይዳቀላሉ፤ የሚወለደው ግን እንደ በቅሎ መሐን ነው፤ ለዘር አታስቀምጡት።