ቁመት ብቻ ልክ አይሆንም፦ የሰውነት ምጣኔና የውድድር ብስክሌት አመራረጥ

መግቢያ

አንድ ወጣት የብስክሌት ተወዳዳሪ በጉልበቱ ሎሚ ዙሪያ በሚሰማው ሕመም ምክንያት ሦስት ጊዜ ወደ እኔ መጥቷል። ራጁ ጤናማ ነበር። ሁለት ጊዜ ማስታገሻ አዝዤና ዕረፍት መክሬ ሸኘሁት። በሦስተኛው ጊዜ ውድድር ለማቆም መወሰኑን ሲነግረኝ ብስክሌቱን ይዞ እንዲመጣ ጠየቅሁት። ቀድሞ መጠየቅ የነበረብኝም ይህንኑ ነበር።

የወጣቱ ቁመት 175 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ብስክሌቱም በዚሁ ቁመት የተመረጠ ነው። ሆኖም እግሩ ረጅም፣ የላይኛው አካሉ አጭር በመሆኑ መሪው ራቀበት፤ ዝቅም አለበት። ብዙ ላለማጎንበስ ሲል ኮርቻውን ዝቅ በማድረጉ ጉልበቱ ከመጠን በላይ እየታጠፈ ይሠራ ነበር።

ቁመት ለምን ያሳስታል?

እኩል 175 ሴንቲ ሜትር ቁመት ካላቸው ሁለት ሰዎች የአንዱ የውስጥ እግር ርዝመት 78፣ የሌላው 86 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። የሻጩ ሰንጠረዥ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ፍሬም ያዛል። የሚያስፈልጋቸው የኮርቻ ከፍታ ግን በ7 ሴንቲ ሜትር ይለያያል።

አለካክ

ተለኪው ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቹ መካከል አግድም ተይዞ የብሽሽት አጥንቱን እስኪነካ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለው ርቀት ይለካል። ይህ ቁጥር በ0.883 ሲባዛ የፔዳሉ ክንድ ከሚዞርበት መሐል እስከ ኮርቻው አናት የሚኖረውን ከፍታ በግምት ይሰጣል። ቀመሩ መነሻ ብቻ ስለሆነ በተለይ ምጣኔው ለየት ላለ ሰው በማዕዘን መለኪያ ይረጋገጥ፤ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጉልበቱ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ቢታጠፍ ተገቢ ነው።

የፍሬም ምርጫ

ኮርቻን ከፍና ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ የፍሬምን ርዝመት መለወጥ ግን አይቻልም። ስለዚህ ፍሬም በዋናነት የሚመረጠው በላይኛው አካልና በክንድ ርዝመት ነው።

እግሩ ረጅም፣ የላይኛው አካሉ አጭር ለሆነ ሰው ከፊት በኩል ከፍ ያለና አጠር ያለ ፍሬም ይስማማል። በአንጻሩ እግሩ አጭር፣ የላይኛው አካሉ ረጅም የሆነ ሰው ረዘም ያለ፣ ግን ሲቆምበት ብሽሽቱን የማይነካው ፍሬም ያስፈልገዋል፤ እንደ 165 ሚሊ ሜትር ያለ አጭር የፔዳል ክንድም ሊረዳው ይችላል።

ሕመሙ ምን ይጠቁማል?

• የጉልበት ፊት ሕመም፦ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል።
• የጉልበት ኋላ ሕመም፣ ሲነዱ የዳሌ ግራና ቀኝ መወዛወዝ፦ ኮርቻው ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል።
• የአንገት ሕመም፣ የትንሿና የቀለበት ጣት መደንዘዝ፦ መሪው ርቆ ወይም ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል።
• የብልት አካባቢ መደንዘዝ፦ የኮርቻው ዓይነት፣ ዝንባሌና ከፍታ ይመርመር።

ሊዘነጋ የማይገባው

ረጅም እግር ብቻውን በሽታ አይደለም። ሆኖም የተዘረጉ ክንዶች ርዝመት ከቁመት 1.05 ጊዜ የሚበልጥ ሆኖ፣ የደረት ቅርጽ መዛባት፣ የዓይን ሌንስ ከቦታው መልቀቅ ወይም በቤተሰብ ውስጥ ድንገተኛ ሞት ካለ የማርፋን ሕመም ሊጠረጠር ይገባል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ብርቱ ውድድር ከመግባቱ በፊት ዋናው የደም ቧንቧ በልብ አልትራሳውንድ ይታይለት።

ማጠቃለያ

በአገራችን ተወዳዳሪው ብዙ ጊዜ የሚነዳው መርጦ የገዛውን ሳይሆን ያገኘውን ብስክሌት ነው። ከላይ የተጠቀሰው ወጣትም አዲስ ብስክሌት አላስፈለገውም። በመጀመሪያ መሪውን ከፍ አደረግንለት፤ መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘውንም ብረት በአጭር ተካንለት። ከዚያም ኮርቻውን በየሳምንቱ በግማሽ ሴንቲ ሜትር እያሳደግን ከ73 ወደ 76 ሴንቲ ሜትር አደረስነው። ከሁለት ወር በኋላ ያለ ሕመም ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ስለዚህ ብስክሌት ነጂ በሕመም ሲመጣ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ብስክሌቱንም መመርመር ይገባናል። ለዚህም ሜትርና መጽሐፍ ይበቃሉ።