አምስት ምሳሌ ሕግ አይሆንም

ዛሬ የምናነሣው ቁጥር 4294967297 ነው። ሲነበብ 4 ቢሊዮን ከ294 ሚሊዮን ከ967 ሺህ ከ297 ይሆናል። «ታዲያ ይህ ሁሉ አኃዝ ለመምህር ምን ይፈይዳል?» ትሉ ይሆናል። የቁጥሩ ታሪክ በየክፍሉ የምንሠራበትን አንድ ልማድ ስለሚነካ ይፈይዳል።

ነገሩ ከትንንሽ ቁጥሮች ይጀምራል። 2 ላይ 1 ስንደምር 3 እናገኛለን። 2 ሁለቶችን አባዝተን 1 ብንደምር 5 ይመጣል፤ በ4 ሁለቶች 17፣ በ8 ሁለቶች 257፣ በ16 ሁለቶች ደግሞ 65537። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ይኸውም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም።

ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. ይህን ተመልክቶ፣ የሁለቶቹን ብዛት እጥፍ እያደረግን ብንቀጥል የምናገኘው ሁሉ ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን ያን ጊዜ ራሱ ጽፏል።

ስድስተኛው፣ በ32 ሁለቶች የሚገኘው፣ የእኛው 4294967297 ነው። ከ92 ዓመት በኋላ፣ በ1732 እ.ኤ.አ.፣ የስዊስ ተወላጁ ሊዮናርድ ኦይለር ይህ ቁጥር ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ። ድርሻው 6700417 ነው። እስቲ ጠመኔ አንሡና ፈትሹት፦ 6700417 በ600 ሲባዛ 4020250200፣ በ41 ሲባዛ 274717097 ይሆናል፤ ሁለቱን ደምሩ።

641ን ለማግኘት በጭፍን መሞከር አያሻም። ኦይለር ኋላ እንዳረጋገጠው፣ የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያም 641 ናቸው። በአምስተኛው ሙከራ ተገኘ ማለት ነው! እስካሁንም ከ65537 ወዲያ በዚህ መንገድ ሌላ ብቸኛ ቁጥር አልተገኘም።

እንግዲህ ወደ ክፍላችን እንመለስ። 3 በ4 ሲባዛ 12፣ 5 በ6 ሲባዛ 30 መሆኑን አሳይተን «ማባዛት ሁልጊዜ ቁጥርን ያሳድጋል» ብንል፣ ልጁ አምኖን ይጽፋል። በኋላ 8 በግማሽ ተባዝቶ 4 ሲሆንበት ግን ግራ ይጋባል፤ ስሕተቱም የእሱ ይመስለዋል። ምሳሌ ነገሩን ያሳያል እንጂ አያረጋግጥም። ስለዚህ «ሁልጊዜ» ከማለታችን በፊት «ለምን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ምክንያቱን ካላገኘን «እስካሁን በሞከርናቸው እንዲህ ሆኗል» ማለት ለመምህር ነውር አይደለም።

ለእጩ መምህራን መልመጃ፦ አንድን ቁጥር በራሱ አባዙ፤ በውጤቱ ላይ ያንኑ ቁጥርና 41ን ደምሩ። ከ1 ስንጀምር 43፣ ቀጥሎ 47፣ ቀጥሎ 53 ይመጣል፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ለመሆኑ ሁልጊዜ እንዲህ ነው? በ10ኛው አታቁሙ፣ በ30ኛውም አታቁሙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!