የመጫወቻ ጡብ ጦር ሜዳ እንዴት ይዳኛል?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወርደው እርስ በርሱ የሚገጣጠም የፕላስቲክ መጫወቻ ጡብ ቢያገኙ፥ ከጓደኞችዎ ጋራ የጦር ሜዳ ምስል በመሥራት ይወዳደሩበት። ነገር ግን ደንብ የሌለው ውድድር ፍጻሜው ጠብ ነውና አስቀድመው ደንብ ያውጡ።

አንደኛ፥ የጡቡ ቁጥር ለሁሉም እኩል ይሁን፤ አለዚያ የሚያሸንፈው ገንዘብ ያለው ነው። ጥቂት ጡብ አይናቅም፤ በላያቸው ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸው ባለ አንድ ቀለም ስድስት ጡቦች ብቻ በ915,103,765 ልዩ ልዩ መንገድ ይገጣጠማሉ።

ሁለተኛ፥ ሙጫ ይከልከል።

ሦስተኛ፥ ሦስት ዳኞች የሠሪውን ስም ሳያውቁ ነጥብ ይስጡ፤ ይኸውም ለታሪክ እውነት 50፥ ለጥንካሬ 30፥ ለውበት 20 ነው።

ታሪክ ስለ ምን በለጠ ቢሉ፥ ርእሱ የመቀሌ ከበባ ነው እንበል። በጥር 1888 ዓ.ም. የኢጣልያን ጦር ከምሽጉ ያስወጣው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ መያዙ ነበር። እንግዲህ አንዱ መቶ ወታደር ቢደረድር፥ ሌላው አንዲት ምንጭና ጥቂት የተጠሙ ሰዎች ቢያሳይ፥ ጦርነቱን በእውነት የነገረን ማን ነው? ዳኛ ከሆኑ ይህን ሳይመረምሩ አይፍረዱ።