ከመግባትዎ በፊት ባሕሩን ይዩት

ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ በዝናብ ስትርስ፣ ልጆቹን ይዞ ካሊፎርኒያ ወዳለ ዘመዱ የሚሄድ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ሳንዲያጎ ወይም ሎስ አንጀለስ ደርሰው፣ ቡናው ተጠጥቶ፣ ከሻንጣው የወጣው ሽሮና በርበሬ ለየባለቤቱ ከታደለ በኋላ የአክስት ልጆች አንድ ጥያቄ ማንሣታቸው አይቀርም፤ «ባሕር መቼ ነው የምንሄደው?»

እነዚያ ልጆች ሰሌዳ እንኳ አይዙም። ወገባቸው ድረስ ገብተው ይቆሙና ሞገዱ ሲደርስ ወደ ዳር ተወርውረው፣ አንድ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ በሆዳቸው እየተንሸራተቱ ይመጣሉ። ቦዲሰርፊንግ ይሉታል። ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2008 በምርጫ ዘመቻው መካከል ሃዋይ ለዕረፍት ሄዶ ሲጫወተው ፎቶ የተነሣው ይህንኑ ነው። ከዋና ልብስ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር ቢኖር የእግር መቅዘፊያ ነው። እሱንም ኦወን ቸርችል የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው የፈጠራ መብት አውጥቶበታል።

ወጪ የለውም ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ዋና የተማረ ጎበዝ ዋናተኛ ውቅያኖስ ዳር ሲቆም ያልተማረው ሌላ ትምህርት አለ። እሱም ውሃውን ከውጭ ሆኖ ማንበብ ነው።

በመጀመሪያ ነፋሱን

ላንጋኖ ሄደው የሚያውቁ ከሆነ ነፋስ የሚያስነሣውን ሞገድ አይተዋል፤ አጭር፣ የተዘበራረቀ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረብ ነው። ካሊፎርኒያም ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ነው። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከባሕሩ ፈጥኖ ይግላል፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ሊተካው ይመጣል። የሞገዱ ጫፍ ከጀርባው እየተገፋ ያለጊዜው ይፈርሳል፤ ጀማሪው የትኛውን ሞገድ እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። ጠዋት ግን ነፋሱ ገና አልተነሣም፤ ወይም ከየብስ ወደ ባሕር በስሱ ይነፍሳል። ያኔ የውሃው ፊት መስታወት ይመስላል፣ ሞገዱም ቅርጹን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዘመዶችዎ «ምሳ በልተን እንሄዳለን» ቢሉ እሺ አይበሉ። ቁርሱን በዕቃ ይዛችሁ በጠዋት ውጡ።

ከየብስ የሚነፍሰው ነፋስ ከበረታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዳር ላይ ውሃው ጸጥ ያለ ስለሚመስል ቤተሰብ ይዘናጋል። ልጅዎ በአየር የተነፋ መጫወቻ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ነፋሱ ልብ ሳትሉት ወደ ውስጥ ይወስደዋል። እንዲህ ባለ ቀን የሚነፋው ዳክዬ መኪናው ውስጥ ይቅር።

ከኒውዚላንድ አካባቢ የመጣው እንግዳ

በስልክ የሚገኙት ትንበያዎች ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ። አንደኛው የሞገዱ ቁመት ሲሆን በጫማ ይለካል፤ አንድ ጫማ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው በሰከንድ የሚነገረው፣ በአንዱ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ነው። አብዛኛው ሰው ቁመቱን ብቻ አይቶ ይሄዳል። እኔ ብሆን ሰከንዱን አስቀድማለሁ። በየ7 ሰከንዱ የሚመጣ 3 ጫማ ሞገድ ቅርብ ያለ ነፋስ የወለደው ነው፤ ገፍቶ ይተውዎታል። በየ16 ሰከንዱ የሚመጣው 3 ጫማ ግን ከሩቅ የተነሣ ነው። ዳር ሲደርስ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ጉልበቱም የትየለሌ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደቡብ ካሊፎርኒያ የሚደርሰው ረጅም ሞገድ ብዙውን ጊዜ ከኒውዚላንድ ወዲያ በክረምት ማዕበል ተወልዶ፣ አንድ ሳምንት ገደማ ተጉዞ የመጣ ነው።

ይህን ስሌት በሳይንስ ካስያዙት አንዱ ዋልተር መንክ ሳንዲያጎ ውስጥ ላ ሆያ በሚገኘው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ነበር የሠራው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋር ያዘጋጁት የሞገድ ትንበያ ዘዴ ለኖርማንዲ ማረፊያ ውሏል። ዛሬ በስሙ የተጠራ የእግር መንገድ ላ ሆያ ሾርስ ዳርቻ ላይ ያገኛሉ።

ለጀማሪ ከ1 እስከ 3 ጫማ ይበቃል።

ባሕር ዳር ሁሉ አንድ አይደለም

ሞገድ አሰባበሩ ሁለት ዓይነት ነው ቢባል ያስኬዳል። ወለሉ ቀስ እያለ በሚጠልቅበት ዳርቻ ሞገዱ ከጫፉ አረፋ እያፈሰሰ ቀስ ብሎ ይፈርሳል፤ የሚፈልጉት እሱን ነው። ወለሉ ቁልቁል በሆነበት ግን እንደ ግድግዳ ይቆምና በአንድ ጊዜ ይደረመሳል፤ ያውም ጉልበት በማይሞላ ውሃ ላይ። ሰውን በራሱ አሸዋው ላይ የሚተክል፣ አንገትና አከርካሪ የሚሰብር ይህ ነው። ኦባማ የተጫወተበት ሳንዲ ቢች ራሱ በአንገት ጉዳት ስሙ የተነሣ ስለሆነ ፎቶውን አይተው እንዳይመኙት። ኒውፖርት ቢች ያለው ዘ ዌጅም የሚታይ እንጂ የሚሞከር አይደለም፤ ሞገዱ ከድንጋዩ ግድብ ተንጸባርቆ ከሚቀጥለው ጋር ሲደመር ቤት ያክላል። ላ ሆያ ውስጥ ቡመር ቢችና ዊንዳንሲ ለለመዱ ሰዎች ይተዉ።

ላ ሆያ ሾርስ ግን ለቤተሰብ የተሠራ ይመስላል። ምክንያቱ ከውሃው በታች ነው። ከዳርቻው ትይዩ ጥልቅ የባሕር ሸለቆ አለ። ሞገድ በጥልቅ ውሃ ላይ ስለሚፈጥን ከሸለቆው በላይ ያለው ክፍል ቀድሞ ይሄዳል፣ ሞገዱም ወደ ሁለት ጎን ይታጠፋል፤ ጉልበቱ ይበተናል። የተበተነው ጉልበት ወደ ሰሜን ብላክስ ቢች ላይ ይከማቻል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ በሚራራቁ ሁለት ዳርቻዎች በአንዱ ሕፃናት ሲጫወቱ በሌላው ከሰው ቁመት በላይ ሞገድ ሊኖር ይችላል። ሎስ አንጀለስ ላሉ ደግሞ የሳንታ ሞኒካ ሰፊ አሸዋ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ወደ ሜክሲኮ ድንበር ያሉት ኢምፔሪያል ቢችና ኮሮናዶ ከቲዋና ወንዝ በሚመጣ ፍሳሽ ምክንያት በተደጋጋሚ ስለሚዘጉ፣ ከመሄድዎ በፊት የካውንቲውን ማስታወቂያ ይመልከቱ።

ያው ዳርቻም ቢሆን በሰዓት ይለዋወጣል። ባሕሩ ሲሞላ ሞገዱ የዳሩ ቁልቁለት ላይ ይመታል፤ ሲጎድል ራቅ ብሎ ጠፍጣፋው ላይ ይሰበራል። ለመማር መካከለኛው ሰዓት ይመረጣል።

ጸጥ ያለው ቦታ

ደርሰው ፎጣ እንዳነጠፉ አይግቡ። ከፍ ካለ ቦታ ቆመው 20 ደቂቃ ይመልከቱ። ሞገድ በቡድን ነው የሚመጣው፤ ትልልቆቹ ተከታትለው ያልፉና ረጅም ዝምታ ይሆናል። በዝምታው መካከል የደረሰ ሰው «ዛሬ ባሕሩ ሰላም ነው» ብሎ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግራና ቀኙ እየተሰበረ እሱ ብቻ የማይሰበርበትን፣ ጠቆር ያለ ወይም አሸዋ የደፈረሰበትን ቦታ ይፈልጉ። ለልጆች የተመቸ የሚመስለው ያ ቦታ ነው። እውነቱ ግን ሞገዱ ወደ ዳር የከመረው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበት በር መሆኑ ነው፤ ሪፕ ከረንት ይባላል። በአሜሪካ የሞገድ ዳርቻዎች ላይፍጋርዶች ከሚያወጧቸው ሰዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚህ የተወሰዱ ናቸው። ወደ ታች አያሰጥምም፤ ወደ ውስጥ ይወስዳል። የሚያሰጥመው ሰውየው በድንጋጤ ጅረቱን ተቃውሞ ወደ ዳር ሲዋኝ የሚደርስበት ድካም ነው። ከተያዙ ይንሳፈፉ፣ እጅዎን ያንሡ፣ ከቻሉ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተው ይውጡ። ለልጆች ይህን ገና ቤት እያሉ ያስረዷቸው፤ ውሃው ውስጥ ማን ይሰማል?

ላይፍጋርድ ያለበትን ማማ መርጠው ከፊቱ ይቀመጡና ዛሬ የትኛው ጋ ቢገቡ እንደሚሻል ይጠይቁት። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ሥራውም ነው። ጥቁር ክብ ያለበት ቢጫ ባንዲራ ካዩ ሰሌዳ የያዙ ሰርፈሮች እዚያ አይፈቀድላቸውም ማለት ነው፤ ለእርስዎ ደስ የሚል ዜና ነው።

ሲገቡ ከወገብ አይለፉ። ሞገዱ ሊደርስ ሲል በእግርዎ ገፍተው ይነሡ፤ አንድ ክንድ ምንጊዜም ከራስዎ ፊት ይቅደም። አሸዋው ላይ እስኪጥልዎት ሳይጠብቁ ጎንዎን አዙረው ይውጡ። ውሃው በነሐሴም 20 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የልጆች ከንፈር ሲጠቁር አውጥተው ያሙቋቸው።

ላ ሆያ ሾርስ ላይ ደግሞ አሸዋው ውስጥ የሚተኛ፣ ጅራቱ እሾህ ያለው ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ አለ። እግር ሳያነሡ አሸዋውን እየጠረጉ ከተራመዱ ሰምቶ ይሸሻል። የተወጋ ሰው ቢኖር ወደ ላይፍጋርዱ ይውሰዱት፤ መድኃኒቱ ቆዳ ሳያቃጥል የሚቻለውን ያህል የሞቀ ውሃ ውስጥ እግርን መዘፍዘፍ ነው።