ከአረርቲ እስከ ኢፋት፦ ለቅርስ የሚመጣው ድጋፍ ለምን ያልፈናል?



አረርቲ ላይ አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ተማሪዎቼን «በአካባቢያችን ያሉ ቅርሶችን ጽፋችሁ አምጡ» ብዬ የቤት ሥራ ሰጥቻቸው ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል የሸንኮራ ዮሐንስን ጠበል ጽፈው መጡ፤ ሙስሊም ተማሪዎቼም ጭምር። በወረዳው ስለሚኖሩት አርጎባዎች፣ ስለ ሽመናቸው፣ በየቤቱ በጨርቅ ተጠቅልለው ስለተቀመጡት የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች የጻፈ አንድም ልጅ አልነበረም። ልጆቹን አልወቀስኳቸውም። የእኔም የማስተማሪያ ደብተር ውስጥ አልነበረም።

ዛሬ ወጣቶቻችን «ለሌላው ቦታ ገንዘብ ይመጣል፣ ለእኛ ቅርስ ለምን አይመጣም?» ብለው ሲጠይቁ ያ የቤት ሥራ ትዝ ይለኛል። መልሱ በከፊል የታሪክ አጻጻፋችን አድልዎ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቀሪው ግን በእጃችን ያለ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ግራንት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንረዳ። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ሰደቃም አይደለም፤ ሰጪው ለተወሰነ ሥራ፣ በተወሰነ ጊዜ፣ በደረሰኝ ተረጋግጦ እንዲውል በውል አስሮ ይሰጣል። ወቅፍን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ለጉድጓድ ውሃ ወቅፍ የተደረገን ገንዘብ ለምንጣፍ አናውለውም፣ የሰጪው ሸርጥ ይከበራልና። ለጣሪያ ጥገና የተሰጠ ግራንትም ለግቢ አጥር ከዋለ አማና መብላት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመትም በሩ ይዘጋል።

ሁለተኛው ነገር አጋርነት ነው። የላሊበላን ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና እንመልከት። ገንዘቡ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተቋቋመው የአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ መጣ። ሥራውን ያስተባበረው የዓለም ሐውልቶች ፈንድ የተባለው ድርጅት ነው። ቤቱ የቤተ ክርስቲያኗ ነው፤ በሥራው ላይ የቅርስ መሥሪያ ቤቱ አለበት። ገንዘብ ሰጪ፣ አስፈጻሚ፣ ባለቤት፣ ፈቃድ ሰጪ፦ አራቱም በየወንበራቸው ተቀምጠዋል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ እሱም በቃል።

የእኛን ጉዳይ ደግሞ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ላይ እንየው። ከአረርቲ ተነስቶ በበረኸትና በአንኮበር በኩል ሸንተረሩን ይዞ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ሸዋሮቢት አካባቢ ሲደርስ የጥንቱ ኢፋት ምድር ላይ ቆሟል። ፈረንሳውያኑ ተመራማሪዎች ፍራንሷ ዣቪየር ፎቬልና በርትራንድ ኢርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ አካባቢ አስበሪ፣ መሳል እና ኖራ የተባሉ የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞችን ፍርስራሽ አጥንተዋል። በዓረብኛ የተጻፈባቸው የወላስማ ሱልጣኖች መቃብር ድንጋዮችም ተገኝተዋል፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1373 የሞተው የሱልጣን ዐሊ ነው። ከስድስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

በአፍሪካ ቀንድ ሙስሊሞች ታሪክና ጽሑፍ ላይ የሚሠሩ ምርምሮች ገንዘብ አላጡም። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በአሌሳንድሮ ጎሪ የተመራውን የእስላማዊ ጽሑፎች ጥናት፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በፈረንሳዩ ኤክስ ማርሴይ ዩኒቨርሲቲ የተመራውን ሌላ ፕሮጀክት ደግፏል። ይህን የምለው ሰዎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ እነሱ ባይሠሩ ብዙውን አናውቀውም ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ ለእኛ ታሪክ ሲመጣ አመልካቹ ሌላ ነበር። እኛ በውሉ ላይ እንደ አጋር የምንፈርመው መቼ ነው?

ለመፈረም ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልጋል። ይህ ከቀድሞው ይልቅ አሁን ቀሏል። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 በሕግ ተቋቁሟል። የባህልና የቅርስ ማኅበር ማቋቋም የሚፈልጉ ወጣቶች ደግሞ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መመዝገብ ይችላሉ። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ ፕሮፖዛል ሲጻፍ ደመወዝና አበል ላይ እጅ መሰብሰብ ነው።

ሌላው የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርስን የመጠበቅና የመንከባከብ ግዴታ በባለቤቱ ላይ ያርፋል፤ ጥገና ለማድረግ ግን አስቀድሞ የባለሥልጣኑ ስምምነት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ የሚያመኝ ነገር አለ። በየቦታው በኒያ የተነሱ ሰዎች በድንጋይና በጭቃ የተሠራውን የአያቶቻችንን መስጊድ አፍርሰው በብሎኬት ይሠራሉ። መስጊድ ማስፋት ትልቅ አጅር አለው፤ ይሁንና ከአሮጌው አጠገብ ቦታ እያለ አሮጌውን ማፍረስ ምን የሚሉት ነው? አንዴ ከፈረሰ በኋላ «ጥንታዊ መስጊድ አለን» ብሎ ማመልከት አይቻልም። በጣርማበር ያለው የጎዜ መስጊድ ዛሬ የሚጠራው ቆሞ ስለተገኘ ነው።

ኪታብ ያላቸው ሽማግሌዎች ስጋት ደግሞ ሌላ ነው፤ «ፎቶ እናነሳለን ብለው ይወስዱብናል» ይላሉ። ስጋታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም፣ ከአገር የወጣ ጽሑፍ ብዙ ነው። ሆኖም ደንቡን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም ለዲጂታል ቅጂ ገንዘብ ሲሰጥ ዋናው ጽሑፍ ከአገሩ እንዳይወጣ ይጠይቃል። ስለዚህ ማንም ኪታብ ሊቀርጽ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋናው የት ያድራል? ቅጂው ለእኛ ይሰጠናል ወይ?» የሚል ይሁን፤ መልሱም በጽሑፍ።

የሐረሩ አብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍ መንገድም አለ። በግላቸው ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡትን ቅርስና የእጅ ጽሑፍ የክልሉ መንግሥት በሰጣቸው ታሪካዊ ቤት አኑረው ሙዚየም አደረጉት። አንዱ ስብስቡን ሌላው ቤቱን አዋጣ። አጋርነት በዶላር ብቻ አይጀመርም።

መቃብርን በተመለከተ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የመቃብር ድንጋይን ጽሑፍ ማንበብ፣ መመዝገብና ከጎርፍ መከላከል መቃብርን ማላቅ አይደለም። እኔ በዚህ አልጠራጠርም። ጎብኚ እንዴት ይግባ፣ ምን አይደረግበት የሚለውን ግን የአካባቢው ዑለማ ከመነሻው ውሉ ውስጥ ያስገቡት። ገንዘብ ከመጣ በኋላ መጨቃጨቅ ሰጪውን ያሸሻል፣ ጀማዓውንም ይከፍላል።

ቱሪዝሙን ካነሳን፣ ወደ አንኮበር የሚወጣ እንግዳ የሸዋ ነገሥታትን ቤተ መንግሥት ቦታ አይቶ ይመለሳል። ቁልቁል ያለችው ዓልዩ አምባ ግን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከተጁራ የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ገበያ ነበረች፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 ተቀምጦባታል። ቤተ መንግሥቱን ከገበያው፣ የአርጎባን ሽመና ከአንኮበር ጋር አያይዞ የሁለት ወረዳ ባህል ቢሮዎች፣ መጅሊሱና የሸማኔዎች ማኅበር በጋራ የሚያቀርቡት ፕሮፖዛል አንድ መስጊድ ለብቻው ከሚያቀርበው የተሻለ ዕድል አለው። ሰጪዎች የሚፈልጉት ይህን ዓይነቱን ነው።

እርግጥ በአሁኑ የክልሉ የጸጥታ ሁኔታ ጎብኚ ይመጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ነጃሺ መስጊድ በቱርኩ ቲካ ድጋፍ ታድሶ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በጦርነቱ ተመታ። ስለዚህ ቅድሚያ የምሰጠው ጎብኚ ለማያስፈልገው ሥራ ነው፦ ለምዝገባው። በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አንድን ቦታ ለማስመዝገብ የሚረዳው መረጃ ከባድ አይደለም፤ የቦታው ስም፣ ያለበት ቀበሌ፣ የባለቤትነት ማስረጃ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ምን ጉዳት እንዳለበት፣ ሽማግሌዎች ስለ አመሠራረቱ የሚሉት፣ ከአራቱም አቅጣጫ የተነሳ ፎቶ። ስልክ የያዘ ወጣትና የመስጊዱ ሸይኽ ከዙህር እስከ ዐስር አብረው ቢቀመጡ ከባለቤትነት ማስረጃው በስተቀር ሌላውን ይጨርሱታል።