ያላዩትን ተውኔት መፍረድ

በአገራችን የኪነ ጥበብ ሽልማት በታወጀ ቁጥር ዕጩዎቹን ማን ጠቆመ፣ የተጠቆሙትንስ ማን ዳኘ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ጥያቄው የተሸናፊ ቅሬታ ብቻ እየተባለ ብዙ ዘመን ታልፏል፤ ነገር ግን በየሠፈሩ ወጣት ማዕከልና በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተውኔት ለሚያሳዩት የአማተር ክበባት ጉዳዩ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው፤ ያልተጠቆመ አይታይም፣ ያልታየ አይዳኝም፣ ያልተዳኘም ሥራ ከዓመት በኋላ እንዳልተሠራ ይቆጠራልና።

በቦሌ፣ በየካና በ2013 ዓ.ም. ከእነዚሁ ክፍላተ ከተማ ተከፍሎ በተቋቋመው በለሚ ኩራ የሚኖር የቴአትር ወዳጅ ይህን ከሌላው ይልቅ በቅርብ ያውቀዋል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው አገር ፍቅር በፒያሳ፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ የምንለው የቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ከለገሃር ከፍ ብሎ፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እንደገና በፒያሳ፣ ራስ ቴአትርም በመርካቶ ሲገኙ፣ ከመገናኛ ወዲህ እስከ ገርጂ፣ እስከ ሲኤምሲና እስከ አያት የተዘረጋው ያ ሁሉ ሕዝብ እነዚህን የሚመስል የመንግሥት ቴአትር ቤት በአቅራቢያው ሳያገኝ አድጓል። በቦሌ መንገድ ላይ የተሠራው ዓለም ሲኒማም ሆነ በመድኃኔ ዓለም አጠገብ በኤድና ሞል ውስጥ የተከፈተው ማቲ ሲኒማ ስማቸው እንደሚመሰክረው በመጀመሪያ ለፊልም የታሰቡ ናቸው። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ተውኔት የሚወለደው በስብሰባ አዳራሽ ነው፤ የሽልማት ዳኞች ግን በልማድ ዓይናቸውን የሚጥሉት በታወቁት ቴአትር ቤቶች ላይ ነው።

የሽልማታችንን ታሪክ ከሥሩ ለመረዳት ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት መመለስ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ይህ ድርጅት ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ለሥነ ጥበብ፣ ለኢትዮጵያ ጥናትና ለሌሎችም ዘርፎች ሽልማት ይሰጥ ነበር፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም፣ ስማቸው ከመድረክ ጋር ተቆራኝቶ የሚጠራ ጸሐፌ ተውኔት ሆነው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሸለሙት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ነው። በዚህ ውስጥ የተደበቀውን ቁም ነገር ልብ ማለት ይገባል። የተጻፈ ተውኔት በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ተነቦና ተመርምሮ፣ እንደ መጽሐፍ ሊዳኝ ይችላል፤ የተዋናዩ ድምፅና ዝምታ፣ የአዘጋጁ አቀማመጥ፣ የመድረክ ገንቢው ብልሃት ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ያልፋል። ሽልማት ለጽሑፉ ሲሰጥ ለቴአትሩ እንደ ተሰጠ አድርጎ የመቁጠር ልማድ ሥር የሰደደው ከዚያ ዘመን አንሥቶ ይመስለኛል።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየከፍተኛው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች መድረክን ወደ ሠፈር አወረዱት፤ ከእነርሱም መካከል በኋላ በታላላቆቹ ቴአትር ቤቶች ስም ያተረፉ ተዋንያን ወጥተዋል። ይሁን እንጂ የመድረኩ ዋና ተግባር የአብዮቱን መልእክት ማድረስ ስለነበረ የሥራውም መመዘኛ መልእክቱ ሆነ። መንግሥቱ ተለውጦ ዘመነ ኢሕአዴግ ሲገባና በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱና በየወረዳው ሲበዙ፣ ይዘቱ ፈጽሞ ቢለወጥም መመዘኛው አልተለወጠም፤ ክበቡ የሚጠየቀው ምን አስተማርክ ተብሎ ነበር። እኔ ማስተማርን አልንቅም፤ ነፍስ ያዳነ ተውኔት ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የሠፈር ቴአትር በመልእክቱ ብቻ፣ የቴአትር ቤት ቴአትር ደግሞ በጥበቡ የሚመዘን ከሆነ፣ ሁለቱን በአንድ የዳኝነት ወንበር ፊት ማቅረብ ከመነሻው ርትዕ የጎደለው ነው።

በ2000ዎቹ ዓመታት የሽልማቱ መስክ ሰፋ። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ከሕዝብ ጥቆማ እየተቀበለ በጎ ሥራ የሠሩ ሰዎችን በየዘርፉ ማክበር ጀመረ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዮናስ ብርሃነ መዋ የመሠረቱት የጉማ ሽልማት የአገር ውስጥ ፊልሞችን ሰብስቦ አወዳደረ፤ የለዛ የሬዲዮ ዝግጅትም የአድማጮች ምርጫ የተባለውን ሽልማት ይዞ ብቅ አለ። እነዚህ ሁሉ ባለሙያው በሕይወት ሳለ እንዲመሰገን በማድረጋቸው ትልቅ ዋጋ አላቸው። ዳሩ ግን ሥርዓታቸው ለቴአትር፣ ይልቁንም ለማኅበረሰብ ቴአትር፣ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። ፊልም ለዳኛው በቅጂ ይላካል፤ ዘፈንን አድማጩ በታክሲ ውስጥም በቤቱም ደጋግሞ ሰምቶታል፤ በገርጂ ወጣት ማዕከል ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጊዜ የታየ ተውኔት ግን በአዳራሹ ከነበሩት በቀር ምስክር የለውም። እንዲህ ያለውን ሥራ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ፣ ድምፅ ሰጪው ስሙን የሰማውን ተዋናይ መርጦ ያላየውን እንዲጥል መጋበዝ ነው። የሕዝብ ድምፅ የራሱ ስፍራ አለው፤ ስፍራውም የሕዝብ ፍቅር የሚለካበት አንድ ልዩ ሽልማት እንጂ የአዘጋጅነትና የተዋናይነት ፍርድ ሊሆን አይገባውም።

ዕጩነትን በሚመለከት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውከው የጊዜ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች አንድ ተውኔት በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን ይዘልቃል፤ የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» በብሔራዊ ቴአትር ይህን ያህል መቆየቱ ለዚህ ምስክር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የየትኛው ዓመት ቴአትር ይባላል? ተዋናዩ በመካከል ቢለወጥ ዕጩ የሚሆነው ሚናውን የጀመረው ነው ወይስ ዳኞቹ በመጡ ዕለት የተጫወተው? ለእኔ ትክክል የሚመስለኝ ድንጋጌ ተውኔቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጀመሪያ በተከፈተበት ዓመት፣ ለዕጩነት እንዲቀርብ፣ ተዋናዩ ግን ሚናውን በያዘበት ዓመት እንዲዳኝ ማድረግ ነው። በአንጻሩ «ከዚህን ያህል ጊዜ በላይ የታየ» የሚል አንቀጽ በደንቡ ከገባ፣ አንቀጹ ከውጭ ሲያዩት ጥራትን የሚጠብቅ ቢመስልም፣ አዳራሹን በወር አንድ ጊዜ እንኳ ለማግኘት ደጅ የሚጠናውን ክበብ ሁሉ ከደጅ የሚያስቀር ነው።

የክበቡን መድረክ በቅርብ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። አዳራሹ በአብዛኛው ለስብሰባ የተሠራ ነው፤ መድረኩ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይላል፣ ከጀርባው ግን መውጫ በር የለውም፤ ስለዚህ ልብስ መቀየር ያለበት ተዋናይ በተመልካቹ መካከል አልፎ ወደ ጎን ክፍል ይገባል፣ ወይም አዘጋጁ ታሪኩን እንደገና አስቦ ያ ሰው ከመድረክ ሳይወርድ እንዲለብስ ያደርገዋል። መብራቱ የአዳራሹ አምፖል ስለሆነ ሌሊት ሲመጣ አንዲት ልጅ ማጥፊያው ዘንድ ትቆማለች፤ የምታጠፋበትን ቃል ከተዋንያኑ እኩል አጥንታለች። ለመብራትና ለመድረክ ግንባታ የተመደበውን ነጥብ ይዞ የመጣ ዳኛ እዚህ ምን ይጽፋል? ዜሮ ቢጽፍ የሕንፃውን ድህነት እንጂ የሰዎቹን ጥበብ አልመዘነም።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር ከእኛ ቀድሞ አግኝቶታል። በአሜሪካ የማኅበረሰብ ቴአትር ማኅበራት ፌስቲቫል እያንዳንዱ ቡድን ከመጀመሩ በፊት ዕቃውን ሁሉ 10 ጫማ በ10 ጫማ በሆነ ቦታ ውስጥ እንዲያስቀምጥ፣ መድረኩን በ10 ደቂቃ እንዲያሰናዳ፣ ትርኢቱንም በ60 ደቂቃ እንዲጨርስ ይገደዳል፤ እንዲህ ሲሆን ባለጸጋው ከድኻው ጋር በአንድ ወለል ላይ ይቆማል። በብሪታንያ የአማተር ውድድር ዳኞች ለረጅም ዘመን የሠሩበት የነጥብ አከፋፈል ደግሞ ከ100 ለትወና 40፣ ለዝግጅት 35፣ ለመድረክ አቀራረብ 15፣ ለአጠቃላይ ድራማዊ ስኬት 10 ነው። የመድረኩ ጌጥ ከመቶ 15 ብቻ መያዙን ያስተውሏል፤ ሦስት አራተኛው የተሰጠው ገንዘብ ለማይገዛው ለትወናና ለዝግጅት ነው።

ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የአየርላንድ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በአትሎን ከተማ የመጨረሻ ውድድሩ በሚካሄደው የአማተር ቴአትር ፌስቲቫል ቡድኖቹ አስቀድመው በየአውራጃው እየዞሩ ነጥብ ያከማቻሉ፤ በእያንዳንዱም ምሽት ትርኢቱ ሲያልቅ ዳኛው ራሱ ወደ መድረክ ወጥቶ ያየውን መልካምና ጉድለት ለተመልካቹ ሁሉ ይተነትናል። ይህን ባዕድ ልማድ ነው የሚል ካለ የቅኔ ቤታችንን ያስታውስ። ደቀ መዝሙሩ ብቻውን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ጓደኞቹ እየሰሙ ምሥጢሩ የሳተበትን፣ ቤቱ የሰበረበትን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመበትን ይነቅሳሉ፣ ያቀናሉ። ብያኔው ከነሐተታው ስለሚሰጥ የተነቀፈው ደቀ መዝሙር ቢያዝንም ለምን እንደ ተነቀፈ ያውቃል፤ የሰሙትም ጓደኞቹ ከእርሱ ስሕተት ይማራሉ። በእኛ ሽልማቶች በብዛት የምናየው ግን ስም ብቻ የያዘ ፖስታ በመድረክ ላይ ሲከፈት ነው፤ ያልተሸለመው ክበብ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያርመውን አንዲት ነገር እንኳ ይዞ አይመለስም።

ስለ ዳኞቹ ማንነት ጥቂት ልበል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ከተከፈተበት ከ1970ዎቹ መባቻ ወዲህ ብዙ ምሩቃን ቢወጡም፣ የሙያው ዓለም ገና ጠባብ ነው፤ ዛሬ የሚዳኘው ትናንት የተወዳዳሪው መምህር፣ የጽሑፉ ገምጋሚ ወይም የመድረክ ባልንጀራው ሆኖ ይገኛል። ይህን ሰው ሁሉ አድሏዊ ነው ብሎ መክሰስ ኃጢአት ነው፤ ግንኙነቱን በጽሑፍ አስታውቆ በዚያ ሥራ ላይ ነጥብ ከመስጠት እንዲታቀብ የሚያዝ አንቀጽ ግን ከሐሜትም ከይሉኝታም ያድነዋል። ጥንታዊቷ አቴና በዲዮኒሶስ በዓል የቴአትር ውድድር 10 ዳኞችን በዕጣ ስትመርጥ፣ ከሰጡትም ፍርድ አምስቱን ብቻ እንደገና በዕጣ አውጥታ የምትቆጥረው ስለዚሁ ነበር፤ የማን ድምፅ እንደሚቆጠር አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ዳኛን መደለል ትርፉ አጠራጣሪ ይሆናል።

እንግዲህ ለምሥራቅ አዲስ አበባ የሚስማማው ደንብ ምን ይመስላል ቢባል፣ መሠረቱ አንድ ሊሆን ይገባል እላለሁ፤ ይኸውም ተውኔቱን በራሱ መድረክ፣ ከራሱ ተመልካች ጋር ተቀምጦ ያላየ ዳኛ ነጥብ አይስጥ የሚል ነው። ከዚህ የተቀረው ሁሉ ይከተለዋል። ጥቆማው ለክበቡ ለራሱ፣ ለአዳራሹ ኃላፊና ለማንኛውም ተመልካች ክፍት ይሁን፤ ጠቋሚው ግን ከዳኝነቱ ይለይ። ዳኞቹ ሦስት ሆነው ለየብቻ ይጻፉ፤ ከተነጋገሩ በኋላ የተሰጠ ነጥብ የታላቁን ሰው ነጥብ መምሰሉ አይቀርምና። በቪዲዮ የተቀረጸ ትርኢት ለማስታወሻ እንጂ ለፍርድ አይቅረብ፤ በአንድ ስልክ ከኋላ ወንበር የተቀረጸ ተውኔት የተዋናዩን ዓይን አያሳይም፣ ድምፁንም ያዛባል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ከባዱ የዳኞቹ ትራንስፖርትና የጊዜያቸው አበል ነው፤ እርሱም ለአንድ ምሽት የሽልማት ድግስ ከሚወጣው ተቀንሶ ሊሸፈን ይችላል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ ይቀድማል፤ በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ የሚገኙት ክበባት ስንት እንደሆኑ፣ በየትኛው አዳራሽ በየትኛው ቀን እንደሚያሳዩ የሚገልጽ መዝገብ ከየወረዳው ወጣት ማዕከል ተሰብስቦ በዓመቱ መጀመሪያ፣ በመስከረም፣ በዳኞቹ እጅ መግባት አለበት።