ዝገቱን ማን አመጣው? ስለ ሞዴል ታንክ ውስጥ የሚነገሩ ተረቶች

ሞተሩ፣ የጥይት መደርደሪያው፣ የሾፌሩ መቀመጫ ሳይቀር የተሟላለትን ሞዴል ታንክ ለመሥራት የተነሳ ሰው ገና ወረንጦውን ሳይጨብጥ የሚሰማው ምክር አለ፤ «ውስጡን ዝገት በዝገት አድርገው፤ ያልዛገ ታንክ አሻንጉሊት ይመስላል።» ከተረቶቹ ሁሉ የዚህን ያህል ጥሩ ሥራ ሲያበላሽ ያየሁት የለም። የሚያናድደው ደግሞ ምክሩን ከሚያድሉት አብዛኞቹ በሥራ ላይ ያለ ታንክ ክዳን ከፍተው ወደ ውስጥ አጮልቀው የማያውቁ መሆናቸው ነው።

ተረቱ ግን ከሜዳ አልበቀለም። አብዛኞቻችን በቅርብ ያየነው ታንክ የሞተ ታንክ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ መንገድ ዳር የቀሩት፣ አስመራ አጠገብ ተቆልለው የሚታዩት ታንኮች ተመትተው ወይም ተጥለው ለዓመታት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው የኖሩ ናቸው። በልጅነቱ እላያቸው ወጥቶ የተጫወተ ሰው ታንክ ሲባል ብርቱካናማ ዝገት ቢታየው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከነሱ ተነስቶ በሥራ ላይ ያለን ታንክ መገመት፣ ሬሳ አይቶ የሰው መልክ ይህ ነው እንደማለት ነው።

እስቲ የሶቪየቱን ቲ-55 እንውሰድ። የዩክሬኑ ሞዴል አምራች ሚኒአርት በ1/35 መጠን ከነውስጡ አውጥቶታል፤ ከሺህ በላይ ቁርጥራጭ ያለው፣ ትዕግሥት የሚፈትን ኪት ነው። እውነተኛው ታንክ 4 ሰዎች ይይዛል። ሾፌሩ ከፊት በግራ ይቀመጣል፤ በቀኙ ናፍታ የያዘ፣ ጥይትም የተሰካበት ጋን አለ። ቱሬቱ ውስጥ ተኳሹና አዛዡ በግራ በኩል ፊትና ኋላ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ በቀኝ ያለው አጉራሹ ነው። ለ100 ሚሊ ሜትሩ መድፍ 43 ጥይት በየጥጉ ተሰግስጓል። በዚህ ጥበትና ጨለማ የሚሠራ ሰው የሚነካውን ማየት ስላለበት ግድግዳው ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚያደላ ቀለም ይቀባል። ቀለም የተቀባ፣ ዝናብ የማያገኘው፣ የዘይትና የናፍታ ወዝ ያረፈበት፣ ታንከኛው በየጊዜው የሚወለውለው ብረት ደግሞ በቀላሉ አይዝግም።

ታዲያ ምን ይታያል? ቦት ጫማ የተመላለሰበት ወለል ቀለሙ ይለቅቃል። ፔዳሉም፣ እጅ የሚጨብጠው የክዳን ጠርዝም እንዲሁ። ዘወትር የሚታሽ ብረት ያብለጨልጫል እንጂ ዝገት አያወጣም፤ ሞዴሉ ላይ ይህን ለማምጣት የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በጣት ጫፍ ማሸት ይበቃል። ከሾፌሩ እግር ሥር የደረቀ ጭቃ፣ በሞተሩ ክፍል የጠቆረ ዘይት፣ መድፉ ጥይት በሚጎርስበት በኩል ቀለም ያልተቀባ፣ ግሪስ የጠጣ ብረት። የሚሠራ ታንክ ቆሻሻው ይኸው ነው፤ ጌጡም ይኸው ነው።

ሒሳቡንም አስቡት። በ1/35 አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛው ታንክ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በብሩሽ ጫፍ ጣል ያደረጋችኋት የ2 ሚሊ ሜትር ነጠብጣብ 7 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ የመዳፍ ስፋት ልታህል ምንም አይቀራት። እንዲህ ያለ ቁስል በየግድግዳው የተነጠበበት ታንክ ውስጥ ማን ገብቶ ይዋጋል?

«እኔ የምሠራው የተመታ ታንክ ነው» የሚል ካለ መብቱ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ይመታ። እሳት ቀለሙንና ዘይቱን ስለሚበላ ራቁቱን የቀረው ብረት ቶሎ ይዝጋል። በዚያው እሳት ግን የመንኮራኩሩ ጎማም ይነዳል፤ ታንኩን የተሸከሙት የቶርሽን ባር ዘንጎችም በሙቀቱ ጥንካሬያቸውን ስለሚያጡ ታንኩ በሆዱ ቁጭ ይላል። ውስጡ ነዶ የዛገ፣ ጎማው ግን ምንም ያልሆነ፣ ቁመናውም ቀጥ ያለ ታንክ በኤግዚቢሽን ጠረጴዛ ላይ ካልሆነ የትም አይገኝም።

የዝገቱ ምክር መልክ ማበላሸቱስ ይሁን፤ ዕቃውንም ይሰብራል። ዝገት ለማስመሰል የሚፈሰው ኢናሜል ቀለም በአኳራጅ የቀጠነ ነው። በቫርኒሽ ባልተሸፈነ ሥራ ላይ በብዛት ሲፈስ አኳራጁ ወለሉ ላይ ይቋጥርና በየመገጣጠሚያው ይሰርጋል፤ በተለይ በግድ ተወጥሮ የተጣበቀ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። አንድ ወጣት ለወራት የደከመበትን ቲ-55 በዚህ ምክር ሲያጣ አይቻለሁ፤ የመንኮራኩሮቹ ክንዶች በነኩ ቁጥር እየተቀነጠሱ ቀሩ። መካሪው «ፕላስቲኩ ርካሽ ቢሆን ነው» ብሎ አለፈ።

ሌሎቹ ተረቶች ብዙ አያቆዩንም። «የታንክ ውስጥ ሁሉ ነጭ ነው» ይባላል። የጀርመኖቹ ታይገርና ፓንተር ከላይ የዝሆን ጥርስ የሚመስል ክሬም፣ ከታች ደግሞ ቀይ አንቲረስት ነበሩ። የክዳኑም የውስጥ ገጽ ብዙ ጊዜ የውጪውን ቀለም ይይዛል፤ ሲከፈት ነጭ ሆኖ ቢታይ ታንኩን ከሩቅ ያጋልጠዋላ። ቲ-55 በፖላንድና በቼኮዝሎቫኪያም ስለተመረተ ትክክለኛው ነጭ ይህ ብቻ ነው ብዬ አልምልም።

«የመመሪያውን ቁጥር ተከተል» የሚለው ለመገጣጠም እንጂ ለመቀባት አይሠራም። ቁጥሩን ብቻ ከተከተላችሁ ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ ይፈጠራል። ክፍል በክፍል ሠርታችሁ ቀቡ፤ የፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚይዘው ፕላስቲኩን አቅልጦ ስለሆነ የሚጋጠመውን ቦታ ቀለም በምላጭ ፋቁ። ጣሪያውንም ከማጣበቃችሁ በፊት ደጋግማችሁ ለኩ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የተዛነፈ መደርደሪያ አላስዘጋም ይላል።

1/35 የጦር ሠራዊት መለኪያ ነው የሚሉም አሉ። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ፓንተርን ሲያወጣ መጠኑን የወሰነው ሞተሩን የሚያንቀሳቅሱት ባትሪዎች ውስጡ እንዲገቡ አድርጎ ነበር፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

«ተዘግቶ ለማይታይ ነገር ለምን ትደክማለህ?» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ቱሬቱን ሳታጣብቁ ብትተዉት ግን ብድግ አድርጎ ማሳየት ይቻላል። የጎኑን ግድግዳ ቆርጦ መክፈቱ ላይ ግን ልቤ እስካሁን አልቆረጠም።

በመጨረሻ፣ «አክሪሊክ ውሃ ነው፤ ማስክ አያስፈልገውም» የሚሏችሁን አትስሙ። አንዳንዱ አክሪሊክ አልኮል አለበት፤ ውሃ ብቻ ቢሆን እንኳ በኤርብራሽ የተረጨ የቀለም ብናኝ ሳንባ ይገባል። ሬዚን በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ በውሃ አርጥቡት፤ በደረቁ የሚነሳው አቧራ የባሰ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ፣ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ውስጥ አትርጩ።